የተኮሰ ሰው የጠበቃ ወጪ ከየት ይምጣ?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይገባል፤ ዋሽንቱ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ወገሬና ዘመሮ ያላችሁ፤ ራቤል ሆናችሁ የምትሰሙን፤ ዓለም ከተማና መራኛ ጆሮ የሰጣችሁን በሙሉ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

ዛሬ ስለ ጠመንጃ እናወራለን። ስለ አተኳኮሱ ግን አይደለም፤ እሱን እናንተው ታውቁታላችሁ። የምናወራው ስለ ወጪው ነው። ስለ ጥይት ዋጋም አይደለም። ሰው ተኩሶ ሰው ከተመታ በኋላ ስለሚመጣው ወጪ ነው፤ ስለ ጠበቃው፣ ስለ ዋስትናው፣ ስለ ቀጠሮ ምልልሱ፣ ምስክር ስለ ማጓጓዙ።

ጥያቄው ይኸውላችሁ፦ መሣሪያ ያለው ሰው አንድ ቀን ፍርድ ቤት ቢቆም፣ የክርክሩ ወጪ ከየት ይመጣል? ከበጉ? ከበሬው? ከዘመድ? ወይስ አስቀድሞ ከተቀመጠ ገንዘብ?

ከመቀጠላችን በፊት አንድ አባባል እንያዝ። ዛሬ ደጋግመን እንለዋለን። ክርክሩ መድን ሊኖረው ይችላል፤ ጥፋቱ ግን መድን የለውም። ልድገመው፦ ክርክሩ መድን ሊኖረው ይችላል፤ ጥፋቱ ግን መድን የለውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ጠመንጃና ሙግት ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደሉም። አልቢኑ፣ ውጅግራው፣ ምንሽሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረበት አገር ነው። ርስት ላይ የተጀመረ ክርክርም እንዲሁ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በሚለው መጽሐፉ ለአካባቢያችን ለመንዝ ሰፊ ቦታ መስጠቱ ያለ ነገር አይደለም።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን የደረሰውን ግጭት ዛሬ አናነሳም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይያዝ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የዛሬው ወሬያችን በሰላሙም ጊዜ ስላለው ነገር ነው፤ ስለ ሌሊት ሌባ፣ ስለ ድንበር ጠብ፣ ስለ ሠርግ ተኩስ።

(የሌሊት ድምፅ፤ ውሻ ይጮኻል፤ ነፋስ)

አቅራቢ፦ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ምሳሌ ነው፤ የማንም ሰው ታሪክ አይደለም።

የላሎ ምድር ገበሬ እንበል። ሌሊት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በርኖሱን ደርቦ ተኝቷል። ውሻው አልተወ ሲለው ጠመንጃውን አንሥቶ ይወጣል። በረቱ ተከፍቷል፤ በጎቹ ወደ ገደሉ አፋፍ እየተነዱ ነው። «ማነህ? ቁም!» ይላል። ከጨለማው ወደ እሱ ይተኮሳል። እሱም ይተኩሳል። ጎህ ሲቀድ ከካቡ ሥር አንድ ሰው ሞቶ ይገኛል።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህ ሰው ወንጀለኛ ነው?

ብዙዎቻችሁ «ኧረ ምን በወጣው!» እንደምትሉ እገምታለሁ። ሕጉስ ምን ይላል? የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ይደነግጋል። የአንቀጹን ቁጥር ባትይዙት ግድ የለም፤ ሦስቱን መመዘኛዎች ግን ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ሕገ ወጥ የሆነ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ጥቃት መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ መከላከሉ ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት።

የእኛ ገበሬ ተተኩሶበት ነው የተኮሰው። ሦስቱም መመዘኛዎች ለእሱ የሚያደሉ ይመስላሉ።

አሁን ምሳሌውን ትንሽ ልለውጠው። ሌባው መሣሪያ የለውም እንበል። «ቁም!» ሲባል በጎቹን ጥሎ መሮጥ ጀመረ። ገበሬው ተኮሰ፤ ጥይቱ ጀርባውን አገኘው።

እናንተ ዳኛ ብትሆኑ ምን ትፈርዳላችሁ? በጎቹ ተርፈዋል። ሰውዬው እየሸሸ ነው። ጥቃቱ የት አለ? ተመጣጣኝነቱስ? የሰው ነፍስ በበግ አይመዘንም። እዚህ ላይ የመከላከሉ ክርክር ይላላል።

ሌሊቱ አንድ፣ በረቱ አንድ፣ ጠመንጃውም አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ሊለያይ ይችላል። ጥይቱ ከፊት ገባ ወይስ ከኋላ? መጀመሪያ የተኮሰ ማነው? የወደቀው ቀለህ ስንት ነው? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክርክር ደግሞ ወጪ አለው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ወጪው እንዴት እንደሚመጣ እንከተለው። ሰውዬው ወረዳው ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል። ሚስቱ በሶና ቂጣ ቋጥራ በየቀኑ ትመላለሳለች። ጉዳዩ ሰው የሞተበት ስለሆነ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ያኔ መንገዱ በጣርማበር አድርጎ ደብረ ብርሃን ነው። ለቅጥቅጡ ይከፈላል፤ ለማደሪያ ይከፈላል። ምስክር በባዶ ሆዱ አይሄድም። ጠበቃ ደግሞ ግማሹን በቅድሚያ ቢል አይፈረድበትም።

መጀመሪያ በጎቹ ይሸጣሉ። ቀጥሎ ከሁለቱ በሬ አንዱ ይሸጣል። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ስለዚህ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የዓመቱ ገብስ ለሁለት ይካፈላል። ሰውዬው በመጨረሻ ነፃ ቢወጣ እንኳ የሚመለሰው ወደ ባዶ በረት ነው። ሰው ንጹሕ ሆኖም ሊደኸይ ይችላል ማለት ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? ከተያዙ በኋላ የሚፈለግ ጠበቃም እንደዚያው ነው። በችኮላ ይገኛል፤ በውድ ይገኛል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይገኝም።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ታዲያ ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው?

ለሙግት ወጪ የሚሆን መድን አለ። እ.ኤ.አ. በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ለማን በተባለች ከተማ፣ ለመኪና ባለቤቶች ተብሎ የተቋቋመ ኩባንያ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ይከፍላል፣ ክስ የገጠመው አንዱ በዚያ ገንዘብ ጠበቃ ያቆማል። ኋላም በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተስፋፋ።

ይህንኑ ነገር ለጠመንጃ ባለቤቶች ያመጡት አሜሪካኖች ናቸው። ዛሬ እዚያ አገር በየወሩ እየከፈለ፣ ራሴን ስከላከል ብከሰስ ጠበቃ ይቆምልኛል ብሎ የሚያድር ሰው ብዙ ነው።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሣ። የአሜሪካ የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 የራሱን መድን ማሻሻጥ ጀመረ። የኒው ዮርክ ግዛት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደግሞ፣ ይህ ሆን ተብሎ ለተሠራ ጥፋት መድን መስጠት ነውና ሕገ ወጥ ነው አለ። መድኑን ያስተዳድር የነበረው ሎክተን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የ7 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ተቃዋሚዎቹማ «የነፍስ ግድያ መድን» ብለው ስም አወጡለት።

ጭቅጭቁ የት ላይ እንደሆነ አያችሁ? ንጹሕ ነኝ የሚል ሰው ይከራከር ዘንድ ጠበቃ መክፈል አንድ ነገር ነው። «ግደል፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ» ማለት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ እንደገና ልበለው፦ ክርክሩ መድን ሊኖረው ይችላል፤ ጥፋቱ ግን መድን የለውም።

የእኛም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1952 የወጣው የንግድ ሕጋችን ስለ ኢንሹራንስ ሲደነግግ፣ መድን የገባው ሰው ሆን ብሎ ላደረሰው ጥፋት መድን ሰጪው ይከፍላል የሚል ውል ዋጋ የለውም ይላል። በቸልተኝነት ለሚደርስ ጉዳት ግን መድን ይቻላል። የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ለዚህ ምስክር ነው፤ በአዋጅ 799/2005 ባለ መኪና ሁሉ ሳይገባ መንዳት አይችልም።

ለጠመንጃ ባለቤት የሙግት ወጪ መድን መሸጥ ግን በአገራችን የኢንሹራንስ ገበያ የተለመደ አይደለም። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ለበግ ነጋዴው እየዞረ እንዲህ ያለ ውል የሚያስፈርም ወኪል አታገኙም።

ታዲያ ባዶ እጃችንን ነን? አይደለንም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በእጃችን ያለውን እንቁጠር።

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 20 ምን ይላል? የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት አለው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ ደግሞ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። እንዲህ ያለው ጠበቃ ተከላካይ ጠበቃ ይባላል። ክፍያ አይጠይቃችሁም። «አቅም የለኝም» ብሎ ለዳኛው ማመልከት ነውር አይደለም፤ መብት ነው።

ሁለተኛው የሕግ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ፤ አቤቱታም ይጽፋሉ። ራፖር ጸሐፊ ጋ ከመቀመጣችሁ በፊት እዚያ ጠይቁ።

«ታዲያ ነፃ ጠበቃ ካለ ገንዘብ አዋጥቶ አስቀድሞ ማስቀመጥ ለምን አስፈለገ?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዛሬው ቁም ነገርም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ተከላካይ ጠበቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚመደበው ክስ ተመሥርቶ ሰውዬው ችሎት ሲቆም ነው። ነገሩ የሚበላሸው ግን ከዚያ በፊት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ቃል ሲሰጥ።

እስቲ አስቡት። ሰውዬው ሌሊቱን አልተኛም። ሰው ሞቶበታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቃሉን ሲጠየቅ ምን ይላል? «አዎ ገደልኩት፤ ሌባ ነው፣ ይገባዋል!» ይላል። መጀመሪያ የተተኮሰው ወደ እሱ መሆኑን አይናገርም። ለእሱ ግልጽ ነዋ! መርማሪው የተነገረውን ይጽፋል፤ እሱም ይፈርማል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከወራት በኋላ ተከላካይ ጠበቃው መዝገቡን ሲከፍት የሚያገኘው ያንን ወረቀት ነው።

ዋስትናውም እንዲሁ ነው። በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ሰው ከሞተና ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ ዋስትና ይከለክላል። ተራ የሰው መግደል በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ስለዚህ ዋስትና የለም። የመከላከልን ልክ አልፎ መግደል ግን በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ነው። እዚህ ላይ የዋስትናው በር ይከፈታል።

በሁለቱ አንቀጾች መካከል ያለው ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ? አንዱ ሰውዬውን ሰኔ ላይ ከእርሻው ያውለዋል፤ ሌላው ማረፊያ ቤት ያውለዋል። ጉዳዩ የትኛው አንቀጽ ሥር እንደሚወድቅ ገና ከጅምሩ የሚከራከር ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ልድገመው፤ ገንዘቡ በብርቱ የሚያስፈልገው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ለዓመቱ ክርክር ሁሉ የሚበቃ ብር ማከማቸት ከባድ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት ጠበቃ የሚበቃ ብር ማስቀመጥ ግን ይቻላል።

(ሙዚቃ፤ ከዚያ የሰዎች ጫጫታ፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከሩቅ)

አቅራቢ፦ እንዴት ይቀመጥ? እስቲ አንድ አጭር ጭውውት እንስማ። ቦታው የእድር ስብሰባ ነው። እሑድ ነው፤ ቅዳሴ ወጥቷል።

ጎልማሳው፦ ዳኛችን፣ እኔ የምለው፣ ከእድሩ ሣጥን ለጠበቃ የሚሆን ትንሽ ብር ለይተን ብናስቀምጥስ? ሰዉ መሣሪያ ይዞ ነው የሚያድረው። ምን እንደሚገጥመው በምን ይታወቃል?

የእድሩ ዳኛ፦ ልጄ፣ ይኼ ሣጥን ለድንኳኑ፣ ለንፍሮው፣ ለሬሳ ሣጥኑ ነው። ለነገር አልተዋጣም።

ጎልማሳው፦ የታሰረስ ቤተሰብ ያው ሐዘንተኛ አይደል እንዴ?

እናት፦ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ።

የእድሩ ዳኛ፦ ይበሉ እትዬ።

እናት፦ የገደለውም የእኛ አባል፣ የሞተውም የእኛ አባል ቢሆንስ? በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሣጥን፣ ለአንዱ ሬሳ ሣጥን ለሌላው ጠበቃ ልትገዙ ነው? የሟች እናት በሚቀጥለው ወር መዋጮዋን ይዛ ትመጣለች ብላችሁ ነው?

(ጫጫታው ጸጥ ይላል)

የእድሩ ዳኛ፦ እትዬ ልክ ብለዋል። እድሩ ይፈርሳል።

ጎልማሳው፦ እንግዲያው ከእድሩ ይለይ። የራሱ ማኅበር፣ የራሱ ደንብ ይኑረው። ከአንድ አጥቢያም ይስፋ።

(ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እትዬ ያነሡት ነገር ቀላል አይደለም። በአንድ አጥቢያ ጠብ ሲነሣ ሁለቱም ወገን ጎረቤት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መዋጮ ከእድሩ ሣጥን ጋር መቀላቀል የለበትም። ሰፋ ብሎ፣ ከብዙ ቀበሌ፣ ቢቻል ከአንድ ወረዳ በላይ ቢሆን ይሻላል።

መስፋቱ ሌላም ጥቅም አለው። ለምሳሌ ያህል 300 ሰዎች በወር 10 ብር ቢያዋጡ በዓመት 36 ሺህ ብር ይሆናል። 30 ሰው ቢሆን ግን 3 ሺህ 600 ብር ብቻ ነው፤ አንድ ጉዳይ ይበላዋል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢንሹራንስ መሸጥ የብሔራዊ ባንክን ፈቃድ ይጠይቃል። «መድን እንሰጣለን» ብሎ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ሌላ ክስ ያመጣል። አባላት እርስ በርስ የሚረዳዱበት፣ በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበ ማኅበር ነው መሆን ያለበት። ከመጀመራችሁ በፊት የወረዳችሁን ፍትሕ ጽሕፈት ቤትና የኅብረት ሥራ ባለሙያዎችን ጠይቁ።

ደንቡስ ምን ይበል? የመንዝ ሰው ደንብ ማክበር አዲስ አይሆንበትም፤ የጓሳን ሣር መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚታጨድ ወስኖ ለዘመናት የጠበቀ ሕዝብ ነው። ለዚህም ጥብቅ ደንብ ያስፈልገዋል። አምስት ነገር ልጠቁማችሁ፤ እናንተ ደግሞ ጨምሩበት።

አንደኛ፣ ማኅበሩ የሚረዳው ሕጋዊ ፈቃድ ያለውን ብቻ ይሁን። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ የሌለው ሰው በትክክል ራሱን ቢከላከል እንኳ መሣሪያውን በመያዙ ብቻ ሌላ ክስ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛ፣ ጠጥቶ የተኮሰና ደም ለመመለስ የተኮሰ አይረዳ።

ሦስተኛ፣ ለደስታ የተኮሰም እንዲሁ። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በፉከራ መካከል ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ይወርዳል፤ ሲወርድ ሰው ይገድላል። ይህ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ በአንቀጽ 543 ያስጠይቃል። «የዘመድ ሠርግ ነበር» የሚለው መልስ አያድንም።

አራተኛ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለጠበቃው ይከፈል እንጂ ለተከሳሹ እጅ አይሰጥ። ለካሳም አይዋል። ካሳ የጥፋቱ ዋጋ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ መድን የለውም ብለናል።

አምስተኛ፣ ሰውዬው ሆን ብሎ መግደሉ በፍርድ ከተረጋገጠ ማኅበሩ ያወጣለትን ይመልስ። ይህ «ማኅበር አለልኝ» ብሎ የሚደፍረውን ይገታል።

ደንቡ ላልቶ ማኅበሩ ለጠብ አጫሪ ጋሻ ከሚሆን ባይቋቋም ይሻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እሺ፤ ማኅበሩ እስኪቋቋምስ? ያልታሰበው ነገር ዛሬ ሌሊት ቢመጣስ? ጠበቃ እስኪደርስ ድረስ ሰው ራሱን የሚጠብቅበትን ልንገራችሁ። ለሚስቶችም፣ ለልጆችም ነው የምናገረው፤ ባለመሣሪያው ያኔ ልቡ ላይገኝ ይችላል።

መጀመሪያ የቆሰለውን አድኑ። ሌባም ቢሆን ሰው ነው። ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ሕይወት ያተርፋል። ሕጉም ለተጎጂው መድረስን ቅጣት በማቅለያነት ያየዋል።

ቀጥሎ፣ አትሽሹ። የዱሮ ሰው ነገር ሲገጥመው ቆላ ወርዶ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት በረሃ ይገባ ነበር። ዛሬ የሸሸ ሰው የመከላከል ክርክሩን በገዛ እግሩ ያፈርሳል። «ንጹሕ ከሆንክ ለምን ሸሸህ?» ብሎ ዐቃቤ ሕግ ይጠይቀዋል። ራሳችሁ ለፖሊስ አስታውቁ።

ቦታውን አትነካኩ። ቀለሁን አታንሡ። የተከፈተው በረት፣ የተተኮሰበት ግድግዳ፣ የእግር ኮቴው ሁሉ የእናንተው ምስክር ነው። መሣሪያውን ስታስረክቡ ዓይነቱና ቁጥሩ ተጽፎ መያዙን አረጋግጡ።

ከዚያ ደግሞ ስማችሁን ተናገሩ፣ ፈቃዳችሁን አሳዩ፣ «ተተኩሶብኝ ራሴን ተከላክያለሁ» በሉ፤ ዝርዝሩን ግን ጠበቃ ካማከራችሁ በኋላ እንደምትሰጡ በትሕትና ግለጹ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፤ የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይገደድም። ይህ ፖሊስን መድፈር አይደለም። ዝም ማለትና መዋሸትም አንድ አይደሉም፤ ዝም በሉ እንጂ አትዋሹ።

አንድ ቁጥር ደግሞ ያዙልኝ፤ 48 ሰዓት። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ያኔ ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ብሎ እስከ 14 ቀን የሚደርስ ጊዜ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል። ተያዡም መልስ የመስጠት፣ ዋስትና የመጠየቅ ዕድል አለው። ቤተሰብ፣ ያቺን ቀን እንዳታልፋችሁ! እንድትጠይቁት፣ ጠበቃም እንዲያነጋግረው ሕጉ ይፈቅዳል።

(ለአፍታ ዝም)

አቅራቢ፦ «ሽማግሌስ? እርቅስ?» የምትሉ አላችሁ። እርቅ ትልቅ ነገር ነው። ደም ያደርቃል፤ ሁለተኛ ሬሳ እንዳይወጣ ያደርጋል። ነገር ግን ሰው የሞተበትን ክስ እርቅ አይዘጋውም፤ ከሳሹ የሟች ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን መንግሥት ነው። ጉዳትን መካስ ቅጣት ያቀላል፤ መዝገቡን ግን አያቋርጥም። ስለዚህ ሽማግሌውም ይግባ፣ ጠበቃውም ይቁም። ሽማግሌ ስላለ ጠበቃ አያስፈልግም ያለ ሰው ችሎት ላይ ብቻውን ይቀራል።

(መለያ ሙዚቃው ከሥር ይገባል)

አቅራቢ፦ የዛሬውን እንሰብስበው።

አንድ፦ ክርክሩ መድን ሊኖረው ይችላል፤ ጥፋቱ ግን መድን የለውም። የሚረዳዳ ማኅበር ጠበቃ ያቁም እንጂ ጥፋትን አይግዛ።

ሁለት፦ አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ የማቆም ግዴታ አለበት። የሚጎድለው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠበቃ ነው፤ መዋጮ ካለ ለዚያ ይዋል።

ሦስት፦ አትሽሹ፣ ቦታውን አትነካኩ፣ ጠበቃ ሳታማክሩ ዝርዝር ቃል አትስጡ፣ 48 ሰዓቱን ቁጠሩ።

ለሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። መሣሪያ ያላችሁ፣ ፈቃዳችሁን አውጥታችሁ እዩት፤ በእጃችሁ ካለው መሣሪያ ቁጥር ጋር ይገጥማል? ጊዜውስ አላለፈም? የእድር አባላት ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህንን አንሡ፦ ሁለቱ ተጋጪዎች ጎረቤታሞች ቢሆኑ ማኅበሩ የማንን ጠበቃ ይክፈል? የአንዱን? የሁለቱንም? ወይስ የማንንም? መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት እናነበዋለን።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላው ወገን እንቆማለን። በተኩስ የቆሰለው ሰውና የሟች ቤተሰብ ካሳ የሚጠይቁት እንዴት ነው? ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሮ ማቅረብ ይቻላል ወይስ ለብቻው? ያን እናያለን።

እስከዚያው ሰላም ሁኑ፤ ጠመንጃችሁንም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ጥይቱን አውጥታችሁ አስቀምጡ።

(መለያ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያበቃል)